የቀበሌ ቤት ኪራይ ውዝፍ ላለባችሁ የዕድራችን አባላት

የተከበራችሁ አባሎቻችን፣

ከዚራም ሆነ መጋላ የቀበሌ ቤት ተከራይታችሁ የውዝፍ ማስጠንቀቂያ ከደረሳችሁ፣ ምንም ነገር ከመፈረማችሁ በፊት ደረሰኞቻችሁን በየወሩ ደርድሩ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2023 መሠረት የኋለኛው ወር ደረሰኝ የቀደሙት ወራት መከፈላቸውን ያስገምታል። በቁጥር 2024 ደግሞ 2 ዓመት ያለፈው የቤት ኪራይ እንደተከፈለ ይገመታል። «ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ» ብሎ የፈረመ ሰው ግን ይህን መከራከሪያ በገዛ እጁ ያጣል። ብዙዎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነውና እባካችሁ አትቸኩሉ።

የካርቦን ደረሰኝ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ቁጥሩና ማኅተሙ እንዲታይ አድርጋችሁ ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት።

በአንድ ጊዜ መክፈል ካቃታችሁ በየወሩ የምትችሉትን መጠን ጠቅሳችሁ ማመልከቻ አስገቡ፤ «ገቢ» የተመታበትን ቅጂ ያዙ። የቃል ስምምነት ሰው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ኪራይ አንቀበልም ካሏችሁም ገንዘቡን በፍርድ ቤት ማስቀመጥ ይቻላል።

መጥሪያ ከመጣ በቀጠሮው ቀን ቅረቡ። ካልቀረባችሁ ጉዳዩ በሌላችሁበት ይወሰናል። መጥሪያው በአግባቡ ሳይደርሳችሁ ተወስኖ ከሆነ ግን ውሳኔውን ባወቃችሁ በ1 ወር ውስጥ እንዲነሣ አመልክቱ።

ውሉ በሟች ስም የሆነባችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ለዕድሩ ጸሐፊ አሳዩ።

የዕድሩ ኮሚቴ
ድሬዳዋ