ያለ ካርኒ የተወሰደው የአባቴ ምንሽር
(ግልጽ ደብዳቤ)

ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.

ለጦር መሣሪያ ፈቃድና ቁጥጥር የሥራ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለወረዳው ሁለት ጊዜ፣ ለዞኑ አንድ ጊዜ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ወንድሜ ከእኔ በፊት አምስት ዓመት ተመላልሷል። እስከ ዛሬ በጽሑፍ የተሰጠን መልስ የለም። በበር ያላዳመጣችሁኝን አሁን በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

ጉዳዩ የአባቴ ጠመንጃ ነው። አምስት ጎራሽ ምንሽር፣ አያቴ ከጣሊያን ጦርነት ይዘውት የገቡት፣ ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረ። የምንኖረው መንዝ ነው፤ ብርዱንም ጅቡንም ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ። ጠመንጃው ፈቃድ ነበረው። ቁጥሩ የተጻፈበትን ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት አባቴ ከመሬት ግብር ካርኒዎቻቸው ጋር በአንድ የቆዳ ከረጢት ያኖሩታል። ከደርግ ዘመን ጀምሮ የከፈሉት ግብር ካርኒ አንድም አልጎደለም። ልጅ ሆኜ ጣሪያው ሲያፈስ መጀመሪያ ወደ ደረቅ ቦታ የሚዛወረው ያ ከረጢት ነበር፣ ከእህሉም በፊት።

ሰኔ 2012 ዓ.ም. አዲሱ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177/2012፣ ከወጣ ጥቂት ወራት አልፈው ነበር። ፈቃድ ያለው ሁሉ መሣሪያውን ይዞ ለእድሳት ይቅረብ ተባለ። አባቴ በሌሊት ተነሥተው፣ ምንሽሩን በጋቢ ጠቅልለው፣ ሦስት ሰዓት በእግራቸው ሄደው ቀረቡ። ከቀበሌው የቀረቡት አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንድ ፖሊስ የፈቃዱን ወረቀትም ጠመንጃውንም ተቀበላቸው፣ ቁጥሩን በደብተር ጻፈ፣ ወደ ውስጥ አስገባው። «አባባ፣ ነገ ይመለሱ» አላቸው። የኮሮና ጊዜ ስለነበር ማስክ አድርጓል። አባቴ ንብረታቸውን ያስረከቡትን ሰው መልክ እስከ ዛሬ አያውቁትም።

ነገ ተመለሱ። «የበላይ መመሪያ ይጠበቃል» ተባሉ። በሳምንቱ ሄዱ፣ በወሩ ሄዱ። ካርኒ ስጡኝ ሲሉ «መዝገብ ላይ አለ፣ ምን ያስፈራዎታል?» ተባሉ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ እኛ አካባቢ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው መልስ «መዝገቡ በጦርነቱ ጠፍቷል» የሚል ሆነ። ሊጠፋ ይችላል፣ አምናለሁ። ስንት ቤት ተቃጥሏል፣ ስንት ሰው ሞቷል፤ አንድ ደብተር ቢጠፋ አይደንቅም። የእናንተ ደብተር ቢጠፋ የእኛ ካርኒ እንዲተርፍ ነበር እኮ አባቴ የጠየቁት! ካርኒ የሚባለው ነገር ለዚያ ቀን ነው የተፈጠረው።

አሁን በጣም ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በዚያው ቀበሌ ፈቃድ ያላወጡ፣ አንድ ቀንም ያልተመዘገቡ ሰዎች አሉ። ማንም ስማቸውን ስላልያዘ ማንም አልጠራቸውም። ጠመንጃቸው ዛሬም ቤታቸው ነው። እጁ ባዶ የቀረው ሕግን አምኖ የተመዘገበው ነው። ያ የምዝገባ ደብተር የታማኞች ስም ዝርዝር ነበር፤ ታማኞቹን አንድ በአንድ ለመጥራት ዋለ። በዓመቱ እንደገና «አስመዝግቡ» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ከቀበሌያችን አንድ ሰው አልሄደም። እርስዎ ይህን የገበሬ እምቢተኝነት ብለው ሪፖርት አድርገውት ይሆናል። አሥራ ሁለቱን ሽማግሌዎች ያየ ሰው ሌላ ምን እንዲያደርግ ጠብቃችሁ ነበር?

ባለፈው ጥር ለጥምቀት አገሬ ገባሁና ራሴ ሄድኩ። የምኖረው ኖርዌይ ነው። ቢሮው ውስጥ ለተቀመጠው ባለሙያ ማስረጃ እንዲሆን ስልኬን አውጥቼ በወንድሜ ሠርግ አባቴ ምንሽሩን ይዘው የተነሡትን ፎቶ ላሳየው ፈለግሁ። ጣቱ ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፈ። እዚያ ላይ እኔ በበረዶ ውስጥ ቆሜያለሁ፤ ትከሻዬ ላይ የአደን ጠመንጃ አለ፣ አፈሙዙ ላይ ጥቁር ቱቦ ተገጥሟል። «ይኼ ሳይለንሰር አይደለም እንዴ?» አለ። ሌሎች ሁለት ሰዎች ተጠሩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ የት ነው የገዛኸው፣ ማን ላከህ፣ ለምን ድምፁን መደበቅ አስፈለገህ እየተባልኩ ተጠየቅሁ። የአባቴን ፎቶ መልሶ ያየው ሰው የለም።

ለእነሱ የነገርኳቸውን ለእርስዎም ልድገመው። ኖርዌይ ውስጥ የአደን ጠመንጃ ለመያዝ የ30 ሰዓት ኮርስ ተምሬ ፈተና አልፌያለሁ። ትልቅ አውሬ ለማደን በየዓመቱ የተኩስ ፈተና እወስዳለሁ። ሕጉ ባለጠመንጃ ከስካር የራቀና እምነት የሚጣልበት መሆን አለበት ይላል፣ ፖሊስም ይህን ያጣራል። ጠመንጃው በተፈቀደ የብረት ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድ እጄ ላይ አለ። ሳይለንሰሩን፣ ያንን የድምፅ መቀነሻ ቱቦ፣ ግን ያለ ምንም ፈቃድ ከሱቅ ነው የገዛሁት፣ እንደ ጓንትና እንደ ቦት ጫማ።

ሰዎቹ ይህን አላመኑኝም። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ያ ቱቦ ጠመንጃን ዱዳ አያደርገውም። የአንድ የአደን ጠመንጃ ተኩስ 160 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል፤ ከ140 በላይ የሆነ ድንገተኛ ድምፅ በአንድ ጊዜ ጆሮ ይጎዳል። ቱቦው 20 ወይም 30 ይቀንሳል። የሚተርፈው ድምፅ አሁንም ሩቅ ይሰማል፣ የተኳሹ ጆሮ ግን ይተርፋል። አባቴ በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ኦጋዴን ዘምተዋል። የተመለሱት ግራ ጆሯቸው ደንቁሮ ነው። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ግራ ጆሮው ወደ አፈሙዙ ይዞራልና መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። እናቴ አርባ ዓመት ሙሉ በቀኛቸው በኩል ተቀምጣ ቡና አፍልታለች።

አገሩ ሁሉ እንደ ኖርዌይ ነው አልልም። እንግሊዝ አገር ያው ቱቦ ከጠመንጃው ጋር በፖሊስ ፈቃድ ላይ ሲጻፍ ኖሯል። አሜሪካ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የ200 ዶላር ግብር አስከፍላ ታስመዘግብ ነበር፤ ግብሩ በ2026 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ቀረ፣ ምዝገባው ግን አልቀረም። ጀርመን ለአዳኞች የፈቀደችው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። አገራችን ሳይለንሰር አይያዝ ብትል መብቷ ነው፣ አልከራከርም። ያንን ቱቦ አገሬ ይዤ አልመጣሁም፣ አላመጣምም።

የምከራከረው ስለ ወረቀቱ ነው። አንድ የማውቀው ሰው እዚያው ኖርዌይ የጠመንጃ ፈቃድ ጠይቆ ተከልክሏል። የተከለከለበት ምክንያት በደብዳቤ ደረሰው፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚችል ከታች ተጽፎበታል። አውስትራሊያ በ1996 እ.ኤ.አ. ፖርት አርተር በተባለ ቦታ አንድ ሰው 35 ሰው ከገደለ በኋላ ከ600 ሺህ በላይ መሣሪያ ከሕዝቧ ሰበሰበች። ነጠቀች እንዳይሉኝ፤ ለዚያ ብቻ ልዩ ግብር ጥላ ለእያንዳንዱ ከፈለች። ኒውዚላንድም በ2019 እ.ኤ.አ. ክራይስትቸርች ውስጥ በመስጊድ 51 ሰው ከተገደለ በኋላ አብዛኛውን በከፊል አውቶማቲክ የሆነ መሣሪያ አገደች፤ ያስረከበውን ሰው እንደ መሣሪያው ዓይነትና ይዞታ ገምታ ከፈለችው።

እኔ መሣሪያ ቁጥጥር የሚጠላ ሰው አይደለሁም። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት የት እንደሚወድቅ አይቻለሁ። አገራችን ውስጥ ያለው ጠመንጃ ይመዝገብ፣ ይቆጠር፣ ባለቤቱ ይታወቅ። አባቴም ይህንኑ ብለው ነው ሦስት ሰዓት የተጓዙት።

ሕገ መንግሥቱን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት የግል ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ይከፍላል ይላል። የአባቴ ምንሽር ለሕዝብ ጥቅም ተወስዶ ከሆነ ካሣው የት አለ? በጥፋት ተወርሶ ከሆነ የተከሰሱበት ወንጀል ምንድን ነው፣ የትኛው ፍርድ ቤት ወሰነ? ለእድሳት ተቀብላችሁት ከሆነ ደግሞ፣ አንድ ጠመንጃ ለማደስ ስድስት ዓመት ይፈጃል?

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ጅብ የበጎቹን በረት ሰብሮ ገባ። ዝናብና ጉም ነበር። ድሮ ቢሆን አባቴ በር ላይ ቆመው አንድ ጥይት ወደ ላይ ይለቁና ጅቡ ይበረግግ ነበር። በዚያ ሌሊት ዱላና ባትሪ ይዘው፣ በሰማንያ ዓመታቸው፣ ጭቃ ላይ እየተንሸራተቱ «ሆ!» እያሉ ወጡ። ጅቡ ከየት በኩል እንደሚጮህ በአንድ ጆሮ መለየት አይቻልም። ሰባት በግ አለቀ። ከሰባቱ ሁለቱ ያገቱ ነበሩ። ወንድሜ ጠዋት ደውሎ ሲነግረኝ አባቴ ስልኩን ተቀብለው ስለ በጎቹ አንድ ቃል አልተናገሩም። «ወረቀቱን ሰጡህ?» ነበር ያሉኝ። በየእሑዱ የሚጠይቁኝ እሱን ነው፣ እኔ ከዚህ ከኖርዌይ ልቀበልላቸው የምችል ይመስል።

መስከረም 15፣ የደመራ ዋዜማ፣ እኔ በምኖርበት አገር የትልቁ አጋዘን አደን ይከፈታል። ጠመንጃዬን ከሣጥኑ ሳወጣ ካርዱን ኪሴ አድርጌ ነው የምወጣው። ስደተኛ ሆኜ በሰው አገር ለእኔ የተሰጠኝ ወረቀት፣ ለኢትዮጵያ ለዘመቱት አባቴ በገዛ አገራቸው መነፈጉ እንቅልፍ ይነሣኛል።

የምጠይቀው ይህ ነው። የአሥራ ሁለቱ ሰዎች መሣሪያ የት እንዳለ ይጣራ፤ ካለ ይመለስ፣ ከሌለ ዋጋው ይከፈል። ያ እስኪሆን ድረስ «ይህን ጠመንጃ ከእኚህ ሰው ተቀብለናል» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ለእያንዳንዳቸው ይሰጥ። የአባቴ ምንሽር ቁጥር በማመልከቻዬ ላይ አለ፤ እሱም ጠፍቶ ከሆነ ቅጂው እኔ ጋ ስለሆነ ዛሬውኑ እልካለሁ።

በሚመጣው ጥር እመለሳለሁ፣ ያንኑ በር አንኳኳለሁ። አባቴም አብረውኝ መምጣት ይፈልጋሉ። ሲያናግሯቸው እባክዎ በቀኛቸው በኩል ይሁኑ።

የመንዙ ገበሬ ልጅ
ኖርዌይ