ጀልባ በታንኳ አጠገብ ሲያልፍ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር በኩል የሞተር ጀልባና የደንገል ታንኳ በአንድ ውኃ ይመላለሳሉ። ታንኳ ሲታይ ፍጥነት መቀነስ እንደሚገባ የማያውቅ ጀልባ ነጂ የለም። የሚሳሳቱት አቀናነሱ ላይ ነው።

ብዙዎቹ ታንኳው አጠገብ ከደረሱ በኋላ ፍጥነታቸውን በግማሽ ይቀንሳሉ። ይህ ጭራሹን ይብሳል። በዚያ ፍጥነት የጀልባው አፍንጫ ሽቅብ ይነሣል፣ ኋላው ውኃ ውስጥ ይቀበራል፤ ትልቁ ማዕበል የሚወጣው ያኔ ነው። ድንገት ቢያቆሙም ከኋላ ሲከተል የነበረው ማዕበል ጀልባውን አልፎ ታንኳውን ይመታል። ስለዚህ ቢያንስ 50 ሜትር ሲቀር ጀምሮ፣ አፍንጫው ወርዶ ጀልባው ውኃው ላይ እስኪተኛ መቀነስ ነው። ታንኳው ወደ ኋላ እስኪርቅም ነዳጅ አይጨመርም።

ደንገል በቀላሉ አይሰምጥም፤ ይገለበጣል እንጂ። ማገዶ የጫነ ታንኳ ጠርዙ ከውኃው ብዙም ከፍ አይልም። ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ይከብዳል፤ ከጉዞ በኋላ ዳር አውጥተው ካላደረቁት ትናንት የቻለውን ጭነት ዛሬ አይችልም። ማዕበል ሲመጣ ቀዛፊው ጎኑን አይስጥ፤ አፍንጫውን ትንሽ ሰያፍ አድርጎ ወደ ማዕበሉ ያዙር፣ መቅዘፉንም አያቋርጥ። ተሳፋሪው ከተቀመጠበት አይነሣ። ማዕበሉ ያልገለበጠውን ታንኳ ደንግጦ ብድግ ያለ ሰው ይገለብጠዋል።

ፊት ለፊት ሲገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይላሉ፣ ልክ እንደ መኪና መንገድ። ከኋላ መጥቶ የሚቀድም ርቆ የማለፍ ኃላፊነቱ የእሱ ነው። ከጨለመ በኋላ ስለሚቀዝፍ ሰውም እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ ግልጽ ነው፦ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ ባትሪ በእጅ ይኑር፣ ግጭት ለማስቀረት በሚበቃ ጊዜም ይብራ። ጀልባው አናት ላይ ከደረሰ በኋላ ማብራት ዋጋ የለውም። መረብ የሚጥሉ ዓሣ አጥማጆችም ጫፍና ጫፉን ከሩቅ በሚታይ ነገር፣ ለምሳሌ በደማቅ ጀሪካን፣ ቢያመለክቱ መረባቸውም ይተርፋል፣ የሰው ፕሮፔለርም አይታሰርም።

ከሐይቁ ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውኃ በበሮች ወደሚቆጣጠረው ጨረጨራ ግድብ ሲቀርቡ የውኃው ጉተታ ከበሮቹ አከፋፈት ጋር ይለዋወጣል። ወዲያ ማዶ የሚሻገር ታንኳ ሊደርስበት ካሰበው ቦታ ከፍ ብሎ፣ ወደ ሐይቁ በኩል ያነጣጥር። የሞተር ጀልባም መልሕቁ ታስሮ ከዕቃ ሥር መቀመጥ የለበትም፤ ሞተር ሲጠፋ የሚፈለገው ወዲያው ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ለጎብኚ ጉማሬ ለማሳየት ሲሉ እስከ አፍንጫው የሚጠጉ ነጂዎች አሉ። ጉማሬ ሲደነግጥ ወደ ጥልቁ ይሮጣል፤ በእሱና በጥልቁ መካከል ታንኳ ሊኖር ይችላል። ባለ ሞተሩ ነዳጅ ሰጥቶ ያመልጣል። ቀዛፊው ያለው ክንዱ ብቻ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
ውኃው ላይ የምንውል፣ ከባሕር ዳር