ትራስሽ ስንት ነው?

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ስናወራ ስልኩ ከእጅሽ ዘንበል አለና አልጋሽን አየሁት። ሦስት ትራስ ተደራርቦበታል። አንዱ እንኳ አንገቴን ያመኛል ስትይ የኖርሽ ሴት ነሽ። "እንግዳ መጥቶ ነው" አልሽኝ። እንግዳ አንቺ አልጋ ላይ ትራስ ደርድሮ አይሄድም።

እዚህ ሜሪላንድ የማስታምማቸው አዛውንት ያንቺው ሕመም፣ ልብ ድካም፣ ስላለባቸው ነገሩ ገብቶኛል። ሰው ጋደም ሲል በእግሩ ተጠራቅሞ የዋለው ፈሳሽ ወደ ልብ ይመለሳል። የደከመ ልብ ያንን ገፍቶ መጨረስ ሲያቅተው ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። ሌሊት አፍኖሽ የምትነሺው፣ ቁጭ ስትዪ ደግሞ ቀለል የሚልሽ ለዚህ ነው። ጉንፋን አይደለም። ብርድም አልመታሽም።

"ልብ ድካም" የሚለው ቃል እንዳስደነገጠሽ አውቃለሁ። ሰው ድንገት ወድቆ የሚሞትበትንም በዚሁ ስም ስለሚጠሩት ይምታታል። ያንቺ ልብ አልቆመም፤ የሚረጨው ደም ነው ያነሰው። አልትራሳውንዱ ላይ 35 የሚል ቁጥር አይተሽ "ከመቶ 35 አምጥቼ ወደቅሁ" ብለሽ ስቀሻል። ፈተና አይደለም እኮ። ጤነኛ ልብም ቢሆን በአንድ ምት የያዘውን ደም ሁሉ አይረጭም፤ ከ55 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው። ጎረቤታችን ደግሞ ቁጥራቸው 60 ሆኖ እግራቸው ከአንቺ እኩል ያብጣል። የእሳቸው ልብ መግፋቱን ይገፋል፤ ግድግዳው ደድሮ በደንብ አልሞላ ብሎ ነው። ስለዚህ ክኒን አትዋዋሱ።

"አንቺን ሳስብ ነው ልቤ የደከመው" ያልሽኝ ግን አንጀቴን በላው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሐኪሙ እንዳለው ግፊቱ ነው። የግፊቱን ክኒን ራስሽን ሲያምሽ ብቻ እየዋጥሽ ሃያ ዓመት ኖርሽ። ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ዝም ብሎ ልብን ያለፋል። እዚያ አገር ገና በልጅነታቸው ለዚህ የሚዳረጉ ብዙ አሉ። ቶንሲል በወጉ ሳይታከም ቀርቶ ወደ ልባቸው በር ይዞርባቸዋል። ያንቺ በሮች ደህና ናቸው ተብሏል፣ ተመስገን።

አሁን ልቆጣሽ ነው። ለቅሶ ስትሄጂ ላዚክሱን፣ ያን ውሃውን በሽንት የሚያስወጣውን ክኒን፣ እንደምትዘዪው እህቴ ነግራኛለች። ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሽንት ቤት መፈለግ እንደሚያሳፍር አይጠፋኝም። ግን ሐኪሙን ጠይቂውና ከለቅሶ ስትመለሺ ዋጪው። ለጉልበትሽ ከፋርማሲ የምትገዢውን ዲክሎፌናክ ደግሞ ተዪው፤ ጨውና ውሃ ሰውነትሽ ውስጥ ያስቀራል። ሚጥሚጣም ላይ እጅሽን ሰብስቢ፣ ጨው አለበት። ጸበሉን ተጠመቂ፤ በጆግ መጠጣቱን ግን አባን አስረድተሽ ቀንሺ።

አዛውንቱን በየጠዋቱ ሽንት ቤት ደርሰው ሲመጡ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ እመዝናቸዋለሁ። እሳቸው ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ስብ አይደለም፣ ውሃ ነው፤ ያኔውኑ ሐኪማቸው ጋ እደውላለሁ። ባለፈው "ወፈርሽ፣ አማረብሽ" ብለውሽ ደስ ብሎሽ ነገርሽኝ። በዚያው ሳምንት ጫማሽ አልገባ ብሎሽ በነጠላ ጫማ ቤተ ክርስቲያን ሄድሽ። እኔም አብሬሽ ስቄ ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሚዛን በሰው ልኬልሻለሁ፤ ከቡናው ጋር ሳጥን ውስጥ አትደብቂው። ቁጭ ብለሽም ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም አረፋ ያለው አክታ ካሳለሽ ነገን አትጠብቂ፤ ለወንድሜ ደውዪ፣ ሌሊትም ቢሆን።

እሑድ ስደውል ስልኩን ወደ አልጋሽ አዙሪልኝ። ትራሱን ራሴ እቆጥራለሁ።

ልጅሽ