ዝርዝርሽን አልጨረስኩም

ሴንት ፒተርስበርግ፣ ሰኔ 13

እናት ዓለም፣

እንደምን ዋልሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ከእግሬ በስተቀር። እግሬን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ ልናዘዝ። የጻፍሽልኝን አሥር ቦታ አልጨረስኩም። ሦስት እንኳ መሙላቱን እንጃ። ኤርሚታዥ ሙዚየም አልገባሁም። ሰልፉን አየሁትና «ነገም ቀን ነው» አልኩ። ጥሬ ገንዘብ ያዝ ያልሽኝ ግን በጀኝ። ከውጭ የመጣ ቪዛና ማስተርካርድ እዚህ በፈረንጅ ከ2022 ወዲህ አይሠራም። ይሄን ባትነግሪኝ ጦሜን አድር ነበር።

ጠዋት በሜትሮ ሄድኩ። የወረድኩበት ጣቢያ አድሚራልቴይስካያ ይባላል። 86 ሜትር ከመሬት በታች ነው። ወደ ላይ በሚወስደው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ቆሜ አባታችን ሆይን ጨርሼ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ገባሁ። አሁንም አልደረስንም። ፊት ለፊት የሚወርዱት ሰዎች ግን መጽሐፋቸውን ያነባሉ።

ከዚያ የቤተ መንግሥቱ አደባባይ። አረንጓዴና ነጩ የክረምት ቤተ መንግሥት ፎቶው ላይ እንዳየሽው ነው፣ ስለሱ ብዙ አልልሽም። እኔን ያስቆመኝ መሐል ላይ ያለው የአሌክሳንደር ዓምድ ነው። ከነመሠረቱ 47 ሜትር ተኩል ይረዝማል። ግንዱ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው፣ 600 ቶን ገደማ። ሲሚንቶም ብረትም አልያዘውም፣ በገዛ ክብደቱ ብቻ ነው የቆመው። በፈረንጅ በ1832 ወታደሮች በገመድ እየሳቡ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አቆሙት። ያኔ የከተማው ሰው ይወድቅብናል ብሎ ስለፈራ፣ መሐንዲሱ ሞንፌራን በየቀኑ ውሻውን ይዞ ሥሩ ይመላለስ ነበር ይባላል። እኔ ደግሞ አክሱም ላይ ወድቆ የተሰበረው ትልቁ ሐውልት ትዝ አለኝ። እሱ 33 ሜትር ነው። የኛዎቹ ሰዎች ያንን ድንጋይ ሲያስቡት ይሄ ከተማ ገና ረግረግ ነበር፤ የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ የቆረቆረው በፈረንጅ በ1703 ነው። ቅናት አይደለም። ደግሞ ትንሽ ቅናት ነው።

እንዲህ አንጋጥጬ ቆሜ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ መድፍ ጮኸ። ልጄ፣ በኛ አቆጣጠር የ83ቱን የአዲስ አበባ ጥይት መጋዘን ፍንዳታ የሰማ ጆሮ እንዲህ ያለ ድምፅ አይለምድም። ሳላስበው ጎንበስ አልኩ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በእጇ የወንዙን ማዶ አሳየችኝ። ለካ ከጴጥሮስና ጳውሎስ ምሽግ ላይ በየቀኑ ቀትር አንድ ጊዜ ይተኮሳል። ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉበት ነበር። እሺ፣ አንቺም ሳቂ።

ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ሄደሽ ሞይካ ወንዝ ዳር ቁጥር 12 የሩሲያው ባለቅኔ የፑሽኪን ቤት ነው። አፍሪካዊ ቅድመ አያቱን ሃኒባልን የኛ ነው ስንል ኖረናል፤ ከካሜሩን ነው የሚሉ ምሁራንም አሉ። ክርክሩን ለነሱ ትቼ ገባሁ። በፈረንጅ በ1837 በሽጉጥ ፍልሚያ ቆስሎ ያረፈው እዚህ ነው፣ በ37 ዓመቱ። የሥራ ክፍሉ ሰዓት በሞተባት ደቂቃ ላይ ቆሟል፣ በኛ አቆጣጠር ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የቀለም ብልቃጥ ላይ መልሕቅ የተደገፈ ጥቁር ሰው ተቀርጿል። ጓደኛው ነው የሰጠው። ክፍሉን የምትጠብቀው አሮጊት ያንን ጥቁር ሰውና እኔን አፈራርቃ አየችን። ከዚያ በጣም በክብር አንገቷን ዝቅ አደረገችልኝ። ዘመድ መስያት ይሆናል። አላስተባበልኩም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በኛ በ77 ወደዚህ ከተማ የትምህርት ዕድል እንደደረሰኝና አያትሽ ታማ እንደቀረሁ ታውቂያለሽ። ያኔ ስሙ ሌኒንግራድ ነበር። አብሮኝ ዕድሉን ያገኘው ጓደኛዬ ሄደ፣ ነፍሱን ይማርና። አንድ ጊዜ በደብዳቤው እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ የተማሪዎቹን ማደሪያ የምታጸዳ ሴት አለች። የደረቀ ዳቦ ጥሎ አየችው። አልተቆጣችም። ዳቦውን አንስታ ሳመችውና ኪሷ ውስጥ ከተተችው። እኔ ይሄን ያነበብኩት ወሎ እህል ባጣበት ዓመት ነው። ደብዳቤውን ለማንም ማሳየት አልቻልኩም።

ዛሬ ኔቭስኪ ጎዳና ቁጥር 14 ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ አገኘሁ። በዝርዝርሽ ላይ የለም። «ዜጎች ሆይ! መድፍ ሲተኮስ ይህኛው የመንገዱ ዳር እጅግ አደገኛ ነው» ይላል። ከተማዋ 872 ቀን በጀርመን ጦር ተከብባ ነበር፣ በፈረንጅ ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944። በ1941ዱ የበረዶ ወራት በከፉት ሳምንታት ለልጆችና ሥራ ለሌላቸው የሚታደለው ዳቦ በቀን 125 ግራም ነበር። ሰሌዳው ሥር አንድ ሰው አበባ አስቀምጧል። ሰው በጎኔ አይስክሬም እየላሰ ያልፋል። ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ብዙ ቆምኩ። የቀረው ቀን ያለቀው እዚያ ነው፣ እውነቱን ለመናገር።

ስመለስ ሱቅ ገብቼ ጓደኛዬ ባስተማረኝ ብቸኛ ቃል «ኽሌብ» አልኩ። ጥቁር ዳቦ ሰጡኝ፣ ጎምዘዝ ይላል፣ እንጀራ ለለመደ አፍ ይስማማል። በእጄ መዘንኩት። 125 ግራም ስንት ቁራሽ እንደሚሆን በግምት ቆረጥኩ። ሁለት ስስ ቁራሽ ነው።

ስልኬ ከምሽቱ አራት ሰዓት ይላል። ውጭው ግን የአሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ ነው። በዚህ ወር ሌሊቱ አይጨልምም። የኛ ሰዓት እዚህ ቢመጣ ማታውን ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባው ነበር። መጋረጃው ስስ ስለሆነ ነጠላዬን መስኮቱ ላይ ሰቅያለሁ።

ኤርሚታዥ ነገ ነው፣ በማርያም። ፎቶ አንድ ብቻ ልኬልሻለሁ፣ የዳቦው ነው። ምንድነው ብለሽ እንዳትደውይ፣ ተኝቼ ይሆናል።

አባትሽ