ስለ ሽቦውም ጻፉልን

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የቴክኖሎጂ አምዳችሁን ሁሌ ነው የማነበው፣ ባለፈው ስለ ላብቪው፣ ሳጥኖችን ስክሪን ላይ በማገናኘት ፕሮግራም ስለሚሰራበት የመለኪያ ሶፍትዌር፣ ያወጣችሁትን ደሞ ሁለቴ አነበብኩት ምክንያቱም ስለዚ ነገር በአማርኛ የተጻፈ ብዙ አላገኝም። ግን አንድ ነገር ቅር ብሎኝ ነው ይሄን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ። ጽሁፉ ካርዱን (የሴንሰሩን ሲግናል ለኮምፒውተሩ ወደ ቁጥር የሚቀይረውን) በዩኤስቢ ሰክተን ስክሪኑ ላይ ሳጥኖቹን በሽቦ ካገናኘን ነገሩ ያለቀ ያህል ነው ያቀረበው፣ ኮድ መጻፍ የለም፣ መጎተት ብቻ ነው ተብሎ። አያልቅም። ዋናው ስራ እንደውም ከዛ በኋላ ነው የሚጀምረው፣ ይሄን ሳያውቅ የሚገባ ልጅ ደሞ ወራት ያባክናል፣ ሲያባክኑ አይቻለሁ።

ስለ ሶፍትዌሩ የጻፋችሁት ልክ ነው። በፈረንጆቹ 1986 ናሽናል ኢንስትሩመንትስ መጀመሪያ ለማኪንቶሽ ካወጣው ጀምሮ ሀሳቡ ያው ነው፣ ዳታው በሽቦው ይፈሳል፣ አንድ ሳጥን የሚፈልገው ግብአት በሙሉ ሲደርሰው ይሰራል። ቆንጆ አሰራር ነው፣ እኔም በጣም እወደዋለሁ። ችግሩ ስክሪኑ ላይ ያለው ሽቦ ሁሌም ንጹህ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሽቦ ግን አይደለም፣ እና ካርዱ የሁለተኛውን ቆሻሻ በሙሉ ተቀብሎ አምስት ዲጂት ያለው ያማረ ቁጥር አድርጎ ያቀርብላችኋል። ቁጥር ስላያችሁ የተለካ ይመስላችኋል።

አንዴ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የአንድ ምድጃ ሙቀት በኬ ታይፕ ቴርሞካፕል (በሙቀት ልዩነት ትንሽዬ ቮልቴጅ በሚሰጥ ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር) እየለካሁ ነበር፣ ማራገቢያው ሞተር ሲነሳ ንባቡ ይዘላል፣ ሞተሩ ባይነሳም ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሄድና መጨረሻ ላይ ከሬንጅ ይወጣል። እኔ የጠረጠርኩት ፕሮግራሙን ነው። ፊልተር ጨመርኩ፣ አቬሬጅ አደረኩ፣ ሉፑን አፍርሼ እንደገና ሰራሁት፣ ሶስት ቀን ሙሉ እዛው ዲያግራም ላይ ተተክዬ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ነው ላብቪውን ዘግቼ ኤንአይ ማክስ የሚባለውን የካርዱን መፈተሻ ፕሮግራም ከፍቼ ቴስት ፓነሉ ላይ ቻናሉን ብቻውን ያየሁት፣ እዛም ያው መዝለል አለ። እንግዲህ እዛ ጋ የኔ ፕሮግራም የሚባል ነገር የለም፣ ሃርድዌሩና ድራይቨሩ ብቻ ናቸው፣ ስለዚ ጥፋቱ ከዲያግራሙ ውጪ ነው ማለት ነው። ይሄን ምርመራ መጀመሪያ ባደርገው ሶስቱ ቀን ይተርፈኝ ነበር።

ነገሩ ምን ነበር መሰላችሁ፣ ካርዱ ዲፈረንሻል ላይ ነው የተደረገው፣ ቴርሞካፕሉ ደሞ ከምንም ግራውንድ (ቮልቴጅ ከሚለካበት የዜሮ መነሻ) ጋር ያልተገናኘ ተንሳፋፊ ነው። ካርዱ በፖዘቲቩና በኔጋቲቩ መሀል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው የሚለካው፣ ግን ሁለቱም ሽቦዎች ከካርዱ ግራውንድ አንጻር የት እንዳሉ የሚይዛቸው ነገር ከሌለ ከራሱ ከካርዱ ኢንፑት የምትወጣው ትንሽዬ ከረንት መሄጃ አጥታ ሁለቱንም ቀስ በቀስ እየገፋች ካርዱ ከሚችለው በላይ ትወስዳቸዋለች። መፍትሄው ከኔጋቲቩ ወደ ካርዱ አናሎግ ግራውንድ ከ10 እስከ 100 ኪሎ ኦም ያለው አንድ ሬዚስተር ማሰር ነው። እግሯን አጥፌ ከሽቦው ጋር አንድ ላይ ብሎኗ ስር አስገብቼ ሳጠብቃት መስመሩ እዛው እያየሁት ቀጥ አለ። ልብ በሉ፣ የቴርሞካፕሉ ጫፍ ከማሽኑ ብረት ጋር ተነካክቶ ግራውንድ ያለው ከሆነ ይሄ ሬዚስተር አያስፈልግም፣ እንደዛ አይነቱን ደሞ በሲንግል ኤንድድ (አንዱን ሽቦ ብቻ ከካርዱ ግራውንድ አንጻር በመለካት) ካሰራችሁት ግራውንድ ሉፕ ይፈጠርና፣ ማለትም በሁለቱ ግራውንዶች መሀል ከረንት ይዞርና፣ ሌላ ጣጣ ውስጥ ትገባላችሁ። ስለዚ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሲግናሉ ግራውንድ አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው፣ የትኛውን ሳጥን ልጎትት የሚለው አይደለም።

ካርዱ ውድ ስለሆነባቸው በአርዱይኖ፣ በርካሹ ትንሽዬ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ ለሚጀምሩም ልጆች አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፣ ጥሩ አጀማመር ነው፣ በሲሪያል ፖርት ወደ ላብቪው ዳታ መላክ ይቻላል፣ ባውድ ሬቱ (የመላኪያው ፍጥነት) በሁለቱም በኩል አንድ አይነት ይሁን እንጂ። ግን ቴርሞካፕሉን ቀጥታ አናሎግ ፒኑ ላይ የሚያስሩ አሉ። አርዱይኖ ኡኖ 10 ቢት ነው፣ 5 ቮልቱን ለ1024 ይከፍለዋል፣ አንዷ ደረጃ ወደ 4.9 ሚሊ ቮልት ትሆናለች ማለት ነው። ኬ ታይፕ ደሞ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሰጠው ወደ 41 ማይክሮ ቮልት ብቻ ነው። አካፍሉት፣ ቁጥሩ በአንድ ደረጃ ከፍ እንዲል ሙቀቱ ወደ 120 ዲግሪ መጨመር አለበት! ልጁ ሻይ ቢያፈላበት ምንም ለውጥ አያይም፣ ከዛ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ማክስ 6675 የሚባለውን ቺፕ መሀል ላይ ቢያደርግ ያጎላለታል፣ የማገናኛውን የራሱን ሙቀትም አስልቶ ያስተካክልለታል፣ እሱ ደሞ የግድ ነው ምክንያቱም ቴርሞካፕል የሚለካው የሁለቱን ጫፎች የሙቀት ልዩነት ነው እንጂ የአንዱን ብቻ አይደለም።

ስለ ሳምፕሊንግም እንዲሁ። በሴኮንድ 1000 ጊዜ እየለካችሁ የሞተሩ ንዝረት 990 ኸርዝ ቢሆን ግራፉ ላይ የምታዩት ጸጥ ያለ የ10 ኸርዝ ማዕበል ነው፣ ፍጹም እውነት ይመስላል፣ ግን የለም። አንዴ እንደዚ ከተቀዳ በኋላ የትኛውም የሶፍትዌር ፊልተር አያወጣውም፣ ፊልተሩ መሆን ያለበት ከካርዱ በፊት ነው፣ ወይ ደሞ ፍጥነቱን ከሲግናሉ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ እጥፍ በላይ ማድረግ ነው። ይሄን በአንድ ስዕል ብታሳዩት አንባቢ ሁሉ ይገባዋል።

ድራይቨሩን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ ላብቪውን ቀድሞ የካርዱን ድራይቨር ዳክኤምኤክስን በኋላ መጫን ነው፣ ቨርዥናቸው እንደሚስማማም ማየት ነው፣ አለበለዚያ ሳጥኖቹ ዝርዝሩ ውስጥ ላይታዩ ይችላሉ። ሌላው ሰው ሁሉ የሚጮህበት ኤረር -200279 ነው፣ እሱ ካርዱ ተበላሸ ማለት ሳይሆን ካርዱ በፍጥነት እየሞላ እናንተ ቀስ ብላችሁ ስለምታነቡ ያልተነበበው ዳታ ላዩ ላይ ተጻፈበት ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ እዛው ሉፕ ውስጥ ፋይል ላይ ሲጻፍ ወይ ግራፍ ሲሳል ነው የሚመጣው። ንባቡን ለብቻ ሉፕ፣ ፋይል ላይ መጻፉን ለብቻ ሉፕ አድርጎ መሀላቸው ኪው (ዳታው ተራ የሚጠብቅበት ሰልፍ) ማድረግ ነው።

ስለዚ ልመናዬ ይሄ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል የምታወጡ ከሆነ ከስክሪኑ አትጀምሩ፣ ከሴንሰሩ ጀምራችሁ በሽቦው፣ በካርዱ፣ በቴስት ፓነሉ አድርጋችሁ ላብቪው ጋ መጨረሻ ላይ ድረሱ። የዲፈረንሻልና የሲንግል ኤንድድ አስተሳሰር በስዕል ከሆነ ደሞ በጣም ጥሩ ነው፣ ስዕሉን እኔ በእጄ ስዬ ልልክላችሁ እችላለሁ።

አክባሪያችሁ፣ የዘወትር አንባቢ