ደብዳቤ ለልጄ፦ ተሻለኝ ብለሽ አታቋርጪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ ዓለሜ? ዓይንሽ፣ እጅሽ፣ እግርሽ እንዴት ሰነበተ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባሕር ዳር ሙቀቱ ገብቷል።

ትናንት ወንድምሽ ደውሎልኝ ነበር። እንዳልነግርሽ አስምሎኛል፤ መሐላው ግን ከአንቺ አይበልጥብኝም። መርፌሽን ትተሻል አሉ። «ዓይኗ ጠርቷል፣ ደንዝዞ የነበረው እጇም ተመልሷል፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል ትላለች» አለኝ። እሱን እንዳትቆጪው። እኔ ግን ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ልጄ፣ ተሻለኝ ብለሽ አታቋርጪ።

ዕድሜዬን ላቦራቶሪ ውስጥ ነጭ የደም ሴል ስቆጥር የኖርኩ ሴት መሆኔን ታውቂያለሽ። ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን በሽታ ግን እስኪገባኝ አንብቤዋለሁ። መልቲፕል ስክለሮሲስ የመከላከል አቅም ያነሰው ሰው በሽታ አይደለም። መከላከያው በራስ ነርቭ ላይ ሲዞር ነው። ቲ እና ቢ የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ከደም ወደ አንጎል ዘልቀው ማየሊንን፣ የነርቩን ሽፋን ይልጡታል። ዓይንሽ የጨለመው ያን ጊዜ ነው። እነሱ ሲበርዱ ዓይንሽ ይመለሳል። አንቺም ያለቀ ይመስልሻል።

አላለቀም። አንጎል ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ሌሎች ሴሎች አሉ። ስፔናዊው ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ነው በ1919 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (የምጠራልሽ ዓመት ሁሉ በዚሁ ነው) ለይቶ ያወጣቸው። አብሮን የሚወለደው መከላከያ ክፍል ናቸው። አንቺ ገና ማኅፀኔ ውስጥ ሳለሽ አንጎልሽ ውስጥ ሰፍረዋል። ሥራቸውም መልካም ነው፤ የሞተውን ያነሳሉ፣ የተላጠውን ማየሊን ፍርስራሽ ይጠርጋሉ። ፍርስራሹ ካልተጠረገ አዲሱ ሽፋን በወጉ አይተካም። ክፋቱ፣ አንዳንዶቹ እንደተቆጡ ይቀራሉ። አሮጌውን ቁስል ዳር ዳሩን ከበው ቀስ እያሉ ነርቩን ይጎዱታል። ላዩ አመድ፣ ውስጡ ረመጥ ነው። አንቺ ምንም ላይሰማሽ ይችላል።

ይህን ሳነብ አክስትሽ ፊቴ ድቅን አለች። አንቺ የምታስታውሻት አልጋ ከያዘች በኋላ ነው። እኔ የማውቃት ግን ከዘጌ በታንኳ ተሻግራ ቡናዋን ገበያ የምታወጣ፣ ጉልበቷ ወንድ የሚያስንቅ ሴት ነበረች። አንድ ጊዜ አንዱ ዓይኗ ጭጋግ ሆነባት። ጸበል ገባች፣ ሰነባብቶ ጠራላት። እናታችን ጠላ ጠምቃ ዘመድ ጠራች። «ለቀቀኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ የሐኪም ደጅ አልረገጠችም። ቆይቶ እግሯ ከበዳት። እሱም ለቀቃት፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። እንዲህ ሲሄድ ሲመጣ፣ በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ሲወስድባት፣ በመጨረሻ ከታንኳው ተሸክመን የምናወርዳት ሆነች። ያኔ እዚህ አንጎልን በምስል የሚያሳየው ኤምአርአይ የሚባል መሣሪያ አልነበረም። በሽታዋ ስም ሳይወጣለት አረፈች፤ እኔም ዛሬ ስም አላወጣለትም። «ለቀቀኝ» ስትል የነበራት ደስታ ግን ከዓይኔ አይጠፋም። ወንድምሽ የአንቺን ሲነግረኝ ያንኑ ቃል ነው የሰማሁት። አታቋርጪ ሆዴ።

ጸበሉን አልከለክልሽም። ተጠመቂ፣ መድኃኒትሽንም ውሰጂ። «መከላከያ ያጠነክራል» እያሉ የሚሰጡሽን ሁሉ ግን አትጠጪ። በ1980ዎቹ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለውን ለዚህ በሽታ ሞክረውት ነበር። መከላከያውን ቀሰቀሰ፤ በሽታው ባሰባቸው፤ ተዉት። ኢንተርፌሮን ቤታ ግን አበረደው፤ በ1993 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። አንቺ የምትወጊው እሱን ነው። ሰውነት ራሱ ቫይረስ ሲገባበት የሚሠራው ነገር ነው። ስለዚህ የሚያስፈልግሽ መከላከያሽ እንዲበረታ ሳይሆን እንዲረጋ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ያሉት መድኃኒቶች ይበልጥ የሚሠሩት ከደም በሚመጡት ሴሎች ላይ ነው። ውስጥ የሰፈሩትን ማይክሮግሊያ በደንብ የሚገታ ገና እየተፈለገ ነው። የምነዘንዝሽም ለዚሁ ነው። አዲስ ቁስል በተፈጠረ ቁጥር አዲስ ረመጥ ሊቀር ይችላል። የተቀመጠውን ማጥፋት ካልቻልን እንዳይጨመር እናድርግ።

መርፌው ካንገሸገሸሽ፣ ወይም ሆድ እያስባሰሽ፣ እያስከፋሽ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪው። መድኃኒቱ ራሱ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ የሚቀየርበት ሌላም አለ። በራስሽ ግን አታቋርጪ። ማታ ተወጊው፣ ትኩሳቱና ቁርጥማቱ በእንቅልፍ ያልፋል። ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከበረዶ ቤቱ ግን አርቂው፣ በረዶ ከሠራ አይሆንም። ሺሻ ቤት ከጓደኞችሽ ጋር መግባትሽን ሰምቻለሁ። ሲጋራም ሆነ ሺሻ ይህን በሽታ ያባብሰዋልና ተዪው፣ አልለምንሽም፣ ተዪው ነው የምልሽ። ለፋሲካ ስትመጪ በእኩለ ቀን ሐይቅ ዳር አትውጪ። በሙቀት ዓይንሽ ቢደበዝዝ አትደንግጪ፤ ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ኡህትሆፍ በ1890 የጻፈው ነገር ነው፣ ስትቀዘቅዢ ይመለሳል። ከቀን በላይ ከቆየ ግን ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

የደም ምርመራ ወረቀትሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የጉበቱንና የነጭ ደም ሴሉን ቁጥር ራሴ አየዋለሁ። ነገ ጠዋት ተነስተሽ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ፤ ስንት መርፌ እንዳለፈሽ ሳትደብቂ ንገሪውና እንዴት እንደምትቀጥዪ ጠይቂው። ስትወጪ ደውዪልኝ፣ ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ።

እናትሽ
ከባሕር ዳር