በቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ ካዝና ስለሚገጠም መብራት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ድሬዳዋ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከሁሉ አስቀድመን የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ካዝና ከእኛ የገዛችሁ፣ ቁልፍ ያስጠገናችሁ ወይም ካዝናችሁን ከግድግዳ ጋር ያሳሰራችሁ ብዙ ደንበኞች ባለፉት ወራት አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዛችሁ ወደ ሱቃችን መጥታችኋል፤ ጥያቄውም ብዙ ወጪ ሳናወጣ የካዝናውን ውስጥ እንዴት ብርሃን እናድርገው የሚል ነው። ሱቅ ላይ ቆመን በሁለት ቃል የሰጠነው መልስ በቂ ባለመሆኑ አንዳንዶቻችሁ የማይሆን ዕቃ ገዝታችሁ ገንዘባችሁን እንዳባከናችሁ ሰምተናል። በዚህም ምክንያት ጉዳዩን በጽሑፍ ዘርዘር አድርገን ማስረዳት ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል።

ብዕር እንድናነሣ ያደረገን ግን ከዚራ አካባቢ በሚኖሩ አንድ አዛውንት ደንበኛችን ቤት ያየነው ነገር ነው። የካዝናቸውን ማጠፊያ ልንጠግን በሄድንበት ምሽት የሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ነበር። አባባ የቤታቸውን ካርታ ሊያወጡ ካዝናውን ከከፈቱ በኋላ «ነይ እስቲ አብሪልኝ» ብለው የልጅ ልጃቸውን ጠሩ። ስምንት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ የስልኩን መብራት ከፍ አድርጋ ይዛ ካዝናው አፍ ላይ ቆመች፤ እሳቸው ወረቀቱን በዳበሳ ሲፈልጉ ፈቃድ ያላቸው ጠመንጃ ከተደገፈበት ጥግ ተንሸራቶ አፈሙዙ ወደ ልጅቷ ዞረ። ጠመንጃው ጥይት ስላልነበረበት ጉዳት አልደረሰም፤ ሆኖም በዚያች ቅጽበት የሁላችንም ትንፋሽ ቆሞ ነበር። ካዝናው የተገዛው ልጆች መሣሪያው አጠገብ እንዳይደርሱ ሆኖ ሳለ፣ ውስጡ ጨለማ በመሆኑ ብቻ ልጅ ተጠርታ ከፊቱ ቆመች። አነስተኛ መብራት ቢኖረው ኖሮ እሷን መጥራት አያስፈልግም ነበር፤ አባባም መሣሪያው በትክክል መቆሙን፣ ጥይት አለመጉረሱንም በዓይናቸው ያረጋግጡ ነበር።

ከሁሉ በፊት ልናስጠነቅቃችሁ የምንፈልገው ካዝናውን መብሳትን የሚመለከት ነው። እሳት ይቋቋማል ተብሎ የተሠራ ካዝና በብረቱ ድርብርብ መካከል ብዙውን ጊዜ የጂፕሰም ሰሌዳ ወይም ኮንክሪት መሰል ሙሊት አለው። ጂፕሰም በውስጡ ውኃ አምቆ የያዘ በመሆኑ እሳት ሲያገኘው ውኃውን በእንፋሎት መልክ እየለቀቀ ሙቀቱ ወደ ውስጥ የሚገባበትን ጊዜ ያዘገያል። በበሩ ዙሪያ የሚለጠፈው የአንዳንድ ካዝናዎች ማሸጊያም ሙቀት ሲነካው አብጦ ክፍተቱን የሚደፍን ነው። ለአንዲት ቀጭን ሽቦ ተብሎ ግድግዳው በድሪል ሲበሳ፣ ወይም ማሸጊያው ተቆርጦ ገመድ በበሩ ጥግ ሲያልፍ፣ ለዚህ ጥበቃ የከፈላችሁት ገንዘብ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ደንበኛ ቢጠይቀንም ካዝና አንበሳም። ከፋብሪካው ሲወጣ ለሽቦ ተብሎ የተተወና በክዳን የተደፈነ ቀዳዳ ካለው ግን በእርሱ መጠቀም ይቻላል፤ ያን ጊዜም ወደ ውስጥ የሚገባው ባለ 12 ቮልት ቀጭን ሽቦ ብቻ ሲሆን፣ ባለ 220 ቮልቱ መስመርና አዳፕተሩ ሁልጊዜ ከካዝናው ውጭ ይሆናሉ። አዳፕተር ሲሠራ የሚሞቅ ዕቃ በመሆኑ አየር በሌለበት የተዘጋ ብረት ውስጥ ማስቀመጥ አይገባም።

ለአብዛኞቻችሁ የሚስማማውና ዋጋውም የሚቀለው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ በተለምዶ ስትሪፕ የምንለው ጥብጣብ የኤልኢዲ መብራት ነው። መብራት በጠፋ ጊዜም ያገለግላል፤ እኛ አገር ደግሞ ካዝና ለመክፈት የምንቸኩለው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ሦስት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋዮች ተደርድረው 4.5 ቮልት ይሰጣሉ፤ ይህም ለ5 ቮልት ለተሠራ አጭር ስትሪፕ ይበቃል። በአንጻሩ 12 ቮልት የሚፈልገውን ስትሪፕ ገዝቶ ከሦስት ድንጋይ ጋር ማገናኘት ትርፉ ድካም ነውና ስትገዙ በጥብጣቡ ላይ የተጻፈውን የቮልት ቁጥር ተመልከቱ። ስትሪፑ 200 ሚሊአምፒር ቢወስድና የድንጋዩ አቅም 2,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ቢሆን፣ በስሌት ለ10 ሰዓት ያህል ያበራል ማለት ነው። ካዝናውን በቀን ለሁለት ደቂቃ ብቻ የሚከፍት ሰው በዚህ ሒሳብ 300 ቀን ይጠቀማል። የድሬዳዋ ሙቀትና የሴንሰሩ የራሱ ፍጆታ ይህን ስለሚቀንሱት፣ ድንጋዩ ባያልቅም እንኳ በየስድስት ወሩ እንድትለውጡት እንመክራለን። አርጅቶ የቆየ ድንጋይ ፈሳሽ ያወጣል፤ ፈሳሹም ብረት ይበላል፣ ወረቀትም ያበላሻል። በዚህ በኩል ከራሳችን ስሕተት ተምረናል፤ ከዓመታት በፊት የድንጋዩን ቤት ከላይ፣ ሰነድ ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ራስጌ ገጥመን ፈሳሹ የአንድ ደንበኛችንን የጋብቻ ምስክር ወረቀት ጥግ አበላሽቶታል። ከዚያ ወዲህ የድንጋይ ቤቱን ሁልጊዜ ከታች፣ ከዕቃ ራቅ አድርገን እንገጥማለን።

በር ሲከፈት የሚበራው፣ ሲዘጋም የሚጠፋው በምን እንደሆነ በደንብ እንድትረዱልን እንፈልጋለን፤ ብዙዎቻችሁ የተሳሳታችሁት እዚህ ላይ ነውና። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የሰው እንቅስቃሴ የሚለይ ሴንሰር ነው። ይህ ሴንሰር የሚሠራው የሰውነታችን ሙቀት ከአካባቢው ሙቀት የሚለይበትን ልዩነት በመያዝ ነው። ሐረር ላይ፣ ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ በመሆኑና አየሯም ቀዝቀዝ ስለሚል፣ ያለ ችግር ያገለግላል። ድሬዳዋ ላይ ግን በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ሙቀት ከእጃችን ሙቀት ጋር ሲቀራረብ ሴንሰሩ እጅን ከአየሩ ለመለየት ይቸገራል፤ መብራቱ አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይቀራል። ዕቃው ተበላሽቷል ብላችሁ ከመለሳችሁልን ሴንሰሮች አብዛኞቹን ጠዋት በቀዝቃዛው ሰዓት ስንሞክራቸው በደህና ሠርተዋል።

ስለዚህ ለድሬዳዋ ደንበኞቻችን የምንመርጠው በማግኔት የሚሠራውን ማብሪያ ነው። አንዱ ክፍል በበሩ፣ ሌላው በመቃኑ ላይ ይለጠፋል፤ በሩ ሲዘጋ ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ሲከፈት ይራራቃሉ። እዚህም ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለቤት በር የስርቆት ማስጠንቀቂያ ተብሎ የሚሸጠው የተለመደው ዓይነት ማግኔቱ ሲቀርበው መስመሩን የሚያገናኝ ነው፤ ለካዝና የሚያስፈልገን ደግሞ ማግኔቱ ሲርቀው የሚያገናኘው ነው። ታይዋን ገበያ ሄደው የመጀመሪያውን ዓይነት የገዙ አንድ ደንበኛችን ካዝናውን በከፈቱ ቁጥር ጨለማ ሆኖባቸው፣ በሁለተኛው ቀን ድንጋዩ ሞቶ አገኙት። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ በተዘጋ በር ውስጥ ሲበራ አድሮ ነበር። ሻጩ አላጭበረበራቸውም፤ የጠየቁት ማብሪያ ለሌላ ሥራ የተዘጋጀ ነበር። ስትገዙ «ማግኔቱ ሲርቅ የሚያበራ» ብላችሁ ጠይቁ፤ እዚያው ሱቁ ላይም አስሞክሩ። የካዝናው ብረት የማግኔቱን ኃይል ወደ ራሱ ስለሚስብ ማብሪያውን በቀጥታ ብረት ላይ ከመለጠፍ ከሥሩ ሦስት ወይም አራት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ማድረግ ይበጃል። በሩ ከተዘጋ በኋላ መብራቱ በእርግጥ መጥፋቱን ለማወቅ ስልካችሁን ቪዲዮ እየቀረጸ ውስጥ አስቀምጡና በሩን ሳትቆልፉ ለጥቂት ሰከንድ ግጠሙት፤ ቪዲዮው ሁሉን ይነግራችኋል።

መብራቱ የት ይለጠፍ የሚለው ከመብራቱ ዓይነት ያላነሰ ዋጋ አለው። ሥራውን ስንጀምር ሁሉንም ጣሪያው ላይ እንለጥፍ ነበር። ከላይ የሚመጣውን ብርሃን የመጀመሪያው መደርደሪያ ይጋርደውና ከሥሩ ያለው ሁሉ እንደ ቀድሞው ጨለማ ሆኖ ይቀራል፤ በተለይ መሣሪያ የሚቆምበት የታችኛው ክፍል ምንም አይታይም። አሁን የምንለጥፈው ከበሩ መቃን ጀርባ፣ በግራና በቀኝ ከላይ እስከ ታች ነው። ብርሃኑ ከፊት ወደ ኋላ ስለሚሄድ እያንዳንዱ መደርደሪያ የራሱን ድርሻ ያገኛል፣ የከፋቹን ዓይንም አይወጋም። ስትሪፑ የሚቆረጠው የመቀስ ምልክት ባለበት ቦታ ብቻ ነው፤ በሌላ ቦታ ከተቆረጠ በአቅራቢያው ያሉት አምፖሎች አይበሩም።

ሙጫውም የራሱ ታሪክ አለው። የካዝናው ውስጥ ብዙውን ጊዜ ምንጣፍ መሰል ጨርቅ የለበሰ በመሆኑ የስትሪፑ ሙጫ አይይዝበትም፤ ባዶ ብረት ላይ የተለጠፈውም በእኛ ሙቀት ለስልሶ በወራት ውስጥ ይወርዳል። ብረቱን በአልኮል ጠርጎ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ ጠዋት ብረቱ ሳይግል መለጠፍ ብዙ ይረዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ስትሪፑን ቀጭን የአሉሚኒየም ሐዲድ ላይ ለጥፎ ሐዲዱን በትናንሽ ማግኔቶች ከመቃኑ ብረት ጋር ማያያዝ ነው። በዚህ መንገድ ብሎን ሳይነካው ይገጠማል፤ ድንጋይ ለመለወጥም ሆነ ካዝናውን ለማጽዳት ሲያስፈልግ በእጅ ይነቀላል።

ስለ ቀለሙ በአጭሩ፣ በካርቶኑ ላይ 4000 ኬልቪን የሚል የተጻፈበትን ምረጡ። በጣም ቢጫ የሆነው ብርሃን በብረት ላይ የጀመረ ዝገትን ይደብቃል፤ 6500 የሚለው ደግሞ ሌሊት ለዓይን ይከብዳል።

በዩኤስቢ የሚሞላ፣ ባትሪው አብሮት የተሠራ መብራት የገዛችሁም አላችሁ። ክፉ ዕቃ አይደለም፤ ነገር ግን የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት መሞላት ስለሌለበት፣ ከካዝናው አውጥታችሁ ነፋሻ ቦታ ላይ ሙሉት እንጂ ፓወር ባንክ አገናኝታችሁ ውስጥ አትዝጉበት። የምዕራብ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ የተደገፈ ካዝና ውስጡ ምን ያህል እንደሚግል የሳቢያን ሰፈር ደንበኞቻችን ያውቁታል። ጥይት ከመሣሪያው ተለይቶ በሌላ ቁልፍ እንዲቀመጥ ሁልጊዜ የምናሳስበውን እዚህም እንደግመዋለን።

ቁልፉ በቁጥር የሚከፈት ካዝና ያላችሁ ደንበኞች ደግሞ መብራቱን ከቁልፉ ባትሪ ጋር ፈጽሞ አታገናኙት። ባለ 9 ቮልቱ ድንጋይ የተቀመጠው ለቁልፉ ብቻ ነው፤ መብራቱ ከጨረሰው በሩ አይከፈትላችሁም፤ በዚህ ምክንያት ተጠርተን የሄድንባቸው ቤቶች አሉ።

መብራት እርጥበት ያደርቃል የሚል አስተሳሰብም ሰምተናል። ኤልኢዲ የሚሰጠው ሙቀት ለዚህ የሚበቃ አይደለም። የድሮውን አምፖል ውስጥ አብርቶ መዝጋትም አደጋ አለው። በተለይ በክረምት ሐረር ጀጎል ውስጥ ባሉት የድንጋይ ቤቶች የምትኖሩ ደንበኞቻችን እርጥበት ሲመጥ ቀለሙን የሚለውጠውን ሲሊካ ጄል በከረጢት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ቀለሙ ሲለወጥም ቀይሩት።

በመጨረሻም ለገጠማ ወደ ቤታችሁ ስንመጣ ስለምንከተለው ሥርዓት እናሳውቃችሁ። ሠራተኞቻችን ከመድረሳቸው በፊት ባለቤቱ ራሱ መሣሪያውን አራግፎ ወደ ሌላ ክፍል ይውሰድ፤ ሠራተኛችን የማንንም መሣሪያ በእጁ አይነካም። ቁጥሩ ሲነካ ፊቱን ያዞራል፤ በውስጥ ያለውን ነገር ፎቶ አያነሣም፤ ስለ አየውም ለማንም አያወራም። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ለሌለው የጦር መሣሪያ ተብሎ የምንሠራው ሥራ የለም። ልጆች ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ከክፍሉ ውጭ እንዲቆዩ በትሕትና እንጠይቃለን።

ቀደም ባሉት ዓመታት መብራቱን ጣሪያ ላይ የለጠፍንላችሁ ደንበኞች፣ ስሕተቱ የእኛ ስለሆነ ወደ በሩ መቃን የምናዛውርላችሁ ያለ ክፍያ ነው። ከሐረር የምትጠሩን ደንበኞችም በአንድ ጉዞ ሁላችሁንም እንድናዳርስ ከመምጣታችን በፊት ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙልን። መብራቱን ራሳችሁ ለመግጠም የምትፈልጉ ደግሞ የካዝናችሁን መቃን ቁመት በሳንቲሜትር ለክታችሁ ወደ ሱቃችን ኑ፤ ስትሪፑን በልኩ ቆርጠን፣ ማብሪያውንም እፊታችሁ ሞክረን እንሰጣችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የካዝና ሽያጭና ጥገና ሠራተኞቻችሁ